ዳንቴል የለበሰው ፕሪንተር

ያን ፕሪንተር መኝታ ቤት እናስቀምጠው ብዬ ለምኜ ነበር። የሰማኝ የለም። እናቴ ማተሚያውንም፣ ስካነሩንም፣ ፎቶ ኮፒውንም አንድ ላይ የያዘውን ዕቃ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አየችውና «ይሄን የሚያህል ንብረት ጓዳ ይደበቃል? እንግዳ በምን ይየው?» ብላ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችው። በነጭ ዳንቴልም ሸፈነችው። ወረቀት በወጣ ቁጥር ዳንቴሉ ከፊት ለፊት ብድግ ይልና እንደገና ይተኛል።

እኔ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ተምሬ አምቦ የተመለስኩ፣ ሥራ የሌለኝ፣ ትዕቢት ግን የሞላኝ ሰው ነበርኩ። ያገለገለ የዋይፋይ ሳጥን ገዝቼ ከፕሪንተሩ ጋር አገናኘሁት። ኢንተርኔት የለውም። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ፓስወርድ ሊለምነኝ እየመጣ፣ ፕሪንት ከማድረግ በቀር ምንም እንደማይሠራ ስነግረው እንደ ንፉግ ያየኝ ነበር። ለእኛ ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ከየትኛውም ክፍል ሆኖ የታዘዘ ወረቀት ሳሎን ይወጣል። ለሙከራ ከመኝታ ቤት «ሰላም አባዬ» ብዬ ላክሁ። ጡረታ የወጣ መምህር የሆነው አባቴ ብቻውን ዜና እያየ ነበር። ወረቀቱን አነበበና ተነስቶ ከቡፌው ኋላ ሰው እንዳለ አጣራ። «ሰው አጠገቡ ሳይኖር የሚጽፍ ነገር ደግ አያመጣም» አለ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጉደር ከተማ መምህር የሆነ ልጅ ታናሽ እህቴን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ሽማግሌ ተላከ። አባቴ መለሳቸው። ይሄ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው እሺ ያለ አባት ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። ደግመው መጡ፤ መለሳቸው። ይሄም ወግ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ቤታችን ተጨነቀ። ሦስቴ የተመለሰ ሽማግሌ ከእንግዲህ በዚያ ደጅ አያልፍም። የአባቴ እምቢታ የወግ ይሁን የእውነት ማንም አያውቅም፤ የሚጠይቀውም ደፋር አልተገኘም። የመጨረሻ ልጁ ናት። ሻይ እንኳ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጣፍጠውም። እህቴ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ ብሏት ከስታ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሁድ ጠዋት መብራት ጠፋ። አባቴ ከቸርች ሳይመለስ እህቴ ከልጁ ጋር በላፕቶፕ በድብቅ ያዘጋጁትን የሰርግ መጥሪያ «መልኩን ብቻ ልየው» ብላ ፕሪንት አዘዘች። ዝም። ደግማ አዘዘች። አሁንም ዝም። እየተናደደች ስንቴ እንደጫነችው እሷም አታውቅም። ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት መጥፋቱን ረስታዋለች። እኔ ባለሙያው ሳቅሁባት እንጂ፣ አንዴ የታዘዘ ወረቀት መብራት እስኪመጣ ተራውን እንደሚጠብቅ ትዝ አላለኝም። ላፕቶፑ አልጋዋ ላይ እንደተከፈተ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ልመናችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ተለምነው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ አባቴን በሙያው «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ እያሉ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያጣፈጡ ተናገሩ፦ «ኦቦ ባርሲሳ፣ ይሄ መንገድ እግራችንን አውቆታል። ዛሬ እንኳ ይስሙን።» እኔ ለስላሳ እየቀዳሁ የአባቴን ፊት አያለሁ። ፊቱ ምንም አይናገርም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅቷ ገና ናት» አለ። «ዘመድ ሳላማክር...»

መብራት መጣ።

ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ፤ የዋይፋዩ ሳጥን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቡፌው ላይ አንድ ነገር ግርር አለ፤ ዳንቴሉም ብድግ አለ። ለስላሳው ከጠርሙሱ ወደ ጠረጴዛው እየፈሰሰ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።

ትልቁ ሽማግሌ ቡፌው አጠገብ ነበሩ። ሰው ቤት የወደቀ ዕቃ እንደሚያነሳ ጨዋ ወረቀቱን ተቀበሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አጠገባቸው ላለው ሽማግሌ አቀበሉ። ሁለተኛው ወጣ፤ እሱንም አቀበሉ። ሦስተኛው ወጣ። በመጨረሻ እንደ መዝሙር ወረቀት ለሁሉም ታደለ፤ ለአባቴም ደረሰው።

አባቴ የያዘውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳያነብ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለም። የልጁን ስም አነበበ። የልጅቷን ስም አነበበ። «ወላጆቻቸው በታላቅ ደስታ» የሚለውን፣ የራሱን ደስታ፣ አነበበ። ጆሮው ቀላ። አሁን አለቀልን አልኩ፤ ሽማግሌዎቹንም ፕሪንተሩንም አብሮ ወደ ውጭ ሲወረውር ታየኝ።

«አዳራሽ?» አለ።

ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹ አዙሮ አሳየ።

«አዳራሽ ይላል እኮ! የማን ልጅ ናት በኪራይ አዳራሽ የምትዳረው? ቤት የላትም? አባት የላትም?» ተነስቶ ቆመ። «ዳሱ የሚጣለው እዚህ ግቢ ነው! ልጄ የምትወጣው በዚህ በር ነው!»

ፕሪንተሩ አንድ ሌላ ወረቀት አወጣ።

«በዚህ በር አሉን፣ ኦቦ ባርሲሳ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«በዚህ በር!» አለ አባቴ፣ ገና ንዴቱ ሳይበርድ። ከዚያ የተናገረው ለራሱም ተሰማው። ሽማግሌዎቹ ግን ቀድመውት ተነስተዋል። «ገለቶማ! ገለቶማ!» ብለው እያመሰገኑ ምርቃቱን አወረዱት፤ እናቴ ከጓዳ «አሜን!» ትላለች፤ ፕሪንተሩም በየመሃሉ ግርር ይላል። እኔ በደስታም በድንጋጤም የፈሰሰውን ለስላሳ መጥረግ ጀመርሁ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ እህቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷን ደፍታለች። አባቴ የተከመረውን ወረቀት አንስቶ ሰጣት።

«ይሄ አይረባም» አላት። «አዳራሹን አውጪና በዳስ ተኪው። ከዚያ ለእኔ አንድ ላኪልኝ።»

ሮጣ ገባች። አባቴ ሄዶ ቡፌው ፊት ቆመ። ዳንቴሉን ራሱ ገልጦ አጠፈና ከጎን አስቀመጠው። ወረቀቱ ብቅ ሲል እስኪወጣ አልጠበቀም፤ ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ አብሮት ቀስ እያለ ወደ ኋላ አለ። እያለቀሰ ነበር።