ለሁለት ወንድማማች የተከፈለው የብሎን ጥርስ ማውጫ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሱሉልታ

የወፍጮዬ ዋና ብሎን ጥርሱ አልቆ አልይዝ ብሏል። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ወፍጮ ስለሆነ መርካቶን ሁለት ቀን ባካልልም የሚገጥመው ብሎን አጣሁ። የልጄ ሰርግ እሑድ ነው፤ ጤፉ ሳይፈጭ በጆንያ ተቀምጧል። ባለወፍጮው ለሰርጉ ዱቄት ገዛ ከምባል ብሞት ይሻለኛል። ሰበታ የሚኖሩት ኦቦ ቱሉ የብሎን ጥርስ በእጅ የሚያወጣ የጣሊያን ጊዜ መሣሪያ ወርሰዋል ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ።

3 ሰዓት፣ ሰበታ

ከአዲስ አበባ የያዝኩት ሎንቺን አውቶቡስ ስሙኒ ተቀብሎ፣ አቧራ አልብሶ ጣለኝ።

"አከም ቡልተን፣ ኦቦ ቱሉ?"

"ፈያ፤ ግባ።"

በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም ብረት አወጡ። መሃሉ ባዶ ነው።

"መቁረጫዎቹስ?"

"ቡራዩ፣ ወንድሜ ገመዳ ጋ። አባታችን ሲሞት ተካፈልን።"

"መቁረጫ የሌለው እጀታ ምን ያደርግልዎታል?"

"ድርሻዬ ነዋ!"

እጀታው ብቻውን አይሄድም ብለው እሳቸውም ተነሱ።

7 ሰዓት፣ ቡራዩ

ገመዳ መቁረጫዎቹን በቆርቆሮ ሣጥን፣ በዘይት ነክሮ አስቀምጧቸዋል። ለስንት ዓመት አንድም ብረት አልነኩም።

"ያ ሰውዬ ሱሉልታ ከሄደ እኔም ሣጥኔን ይዤ እሄዳለሁ በለው" አለኝ።

ያ ሰውዬ እኮ አጠገቤ ቆመዋል! ለካ ከተካፈሉ ወዲህ አይነጋገሩም። እስከ ሱሉልታ መሃላቸው ተቀምጬ መልእክት ሳመላልስ ደሜ ፈላ።

11 ሰዓት፣ ሱሉልታ

መቁረጫዎቹ እጀታው ውስጥ ገቡ፤ ከመርካቶ ያመጣሁትን ጥርስ የሌለው ብረት በሞርሳ አሰርነው። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ቱሉ ያዞራሉ፣ ገመዳ ዘይት ያንጠባጥባል።

"ዘይት ጨምር በለው!"

"ቀስ ይበል በለው!"

ትዕግሥቴ አለቀና ትቻቸው ወጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

"ጨምር እንጂ!"

"ጨምሬያለሁ፤ ቀስ በል!"

ብሎኑ ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ወፍጮው ተነሣ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው "ድርሻዬን ስጠኝ" አሉ። ወይ ጣጣ!

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጀታውን መቁረጫዎቹ ውስጡ እንዳሉ በጆንያ ጠቅልዬ ለቱሉ ሰጠኋቸው። የገመዳ ሣጥን ውስጥ ጥርሱ ያለቀውን አሮጌ ብሎኔን ከተትኩ። ነቅነቅ አድርጎ ድምፁን ሰማና ረክቶ ሄደ።

ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ይሰድበኛል። ይስደበኝ። መቁረጫዎቹን ከፈለገ ግን ሰበታ፣ ወንድሙ ቤት ድረስ ይሂድ።