ደጋኑ ከተነሳ በኋላ

ጉንቮር ጡረታ ስትወጣ የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቿ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ሰጧት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የቴሌማርክ አውራጃ በረዶ ከጣሪያው እየቀለጠ ሲንጠባጠብ፣ የሟች አባቷን የታርየይን ሙዚቃ ከኮምፒውተሯ ከፈተች። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳትሰማ ማዳመጫውን አውልቃ አገላብጣ አየችው፤ የተበላሸ መስሏት ነበር።

የታርየይ ቫዮሊን፣ መምቻው ደጋን ከሚነካቸው አራት አውታሮች ሥር ማንም የማይነካቸው አምስት ቀጫጭን አውታሮች ነበሩት። የላይኞቹ ሲዘፍኑ የታችኞቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ደጋኑ ከተነሳ በኋላም ድምፃቸው ቤቱ ውስጥ ይቆያል። ጉንቮር የናፈቀችው ያንን ነበር። አሁን ግን ደጋኑ ሲነሳ ሁሉም ነገር በቢላ እንደተቆረጠ አለቀ። ቀጭኑ ድምፅም ውሃ ውስጥ እንደገባ ይንቦጫረቅ ነበር።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አባቷ ራሱ የቀረጻቸውን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብላ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ስልሳ አራት ኪሎቢት ብቻ መደበች። ፕሮግራሙም በዚያ ልክ ለማሳነስ ጆሮ አይሰማውም ያለውን ስስ ድምፅ ሁሉ ጣለ። እሷ በኮምፒውተሩ ሚጢጢ ድምፅ ማጉያ ሰምታ «ያው ነው» አለችና ካሴቶቹን ጣለች።

ፋይሉን በሦስት መቶ ሃያ ኪሎቢት እንደገና ቀየረችው። አምስት እጥፍ ወፈረ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። አንድ እፍኝ እህል ትልቅ ጆንያ ውስጥ ቢገባ አይበዛም።

በማግስቱ የአባቷ የድሮ ተማሪ ኦስሙን፣ የጋገረችውን ዋፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ ሊበላ መጣ። ታሪኩን ስትነግረው ፊቱ ቀላ።

«ምነው? አነቀህ እንዴ?»

«አባትሽ እኛን ተማሪዎቹን መቅረጫ ይዘን እንድንገባ አይፈቅድልንም ነበር።»

«‹ጆሮህን ይዘህ ና› ነበር የሚላችሁ። እና?»

«ያ ወፍራም ካፖርቴ ትዝ ይልሻል?»

«በሐምሌ ሙቀት የምትለብሰው? አባዬ ‹ይሄን ልጅ ፀሐይም አያሞቀውም› እያለ ይስቅብህ ነበር።»

«ውስጡ መቅረጫ ነበረበት።»

«አንተ ሌባ!»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ አፍሬ ዝም አልኩ። ካሴቱ ግን አሁንም ቤቴ አለ።»

«ተነስ፣ ሂድና አምጣው! ዋፍልህን ማንም አይነካብህም።»

ኦስሙን ካሴቱን ከነመቅረጫው ይዞ ተመለሰ፤ መቅረጫውንም ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት።

«በስንት ኪሎቢት ልያዘው?» አለ ኦስሙን።

«ምንም በማይጥለው። ዲስኩ ከፈለገ ይሙላ።»

ካሴቱ እንደ ዝናብ ይንሿሿ ነበር፤ ካፖርቱም ድምፁን አፍኖታል። ዜማው ግን መጣ፣ አለቀም፤ ደጋኑ ተነሳ። ከሿሿታው ሥር አንድ ቀጭን ንዝረት ቀረ፤ ቆየ። ጉንቮር ጆሮዋን አስጠጋች። ያኔ ከሩቅ የአንዲት ልጃገረድ ድምፅ ተሰማ። የራሷ ነበር፦

«አባዬ፣ ድንቹ በስሏል!»

«ዝም በይ ልጄ፣» አለ ታርየይ በቀስታ፣ «ገና አላለቀም።»