ከውሃው በላይ የቀረች እጅ

የፍልሰታ ማግስት ነበር። ወይስ የመስቀል ሰሞን? ቄስ ኒንያን ያን ቀን ባስታወሰ ቁጥር ድምፁን አውጥቶ ከራሱ ጋር ይሟገታል። «ፍልሰታ ሊሆን አይችልም፤ አጃው ታጭዶ ነበር» ይላል። ወዲያው ደግሞ ያን ዓመት አጃው ቀድሞ መድረሱ ትዝ ይለውና «ወይስ ፍልሰታ ነበር?» ይላል። ዓመቱን ግን አይስተውም፤ 1543 ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ ሞቶ ዙፋኑ ጡት ላልጣለች ሴት ልጅ የቀረበት፣ የእንግሊዝ ንጉሥም ሽማግሌ ልኮ «ለልጄ ዳሩልኝ» ያለበት ዓመት። አገሩን ለሕፃኗ የሚያስተዳድሩት ሰዎች እሺ ብለው ፈረሙ። ከመኳንንቱ ብዙዎቹ ግን «ልጅቱን ድረን አገሩንም መርቀን ልንሰጥ ነው» ብለው እምቢ አሉ።

የትዊድ ወንዝ ከእንግሊዝ በሚለያት በኒንያን ሰበካ፣ በስካርሃው፣ ያ ዘመን ሲወሳ ሰው የሚያነሳው መኳንንቱን አይደለም። እማማ ማሪዮታ ላይድሎን ነው።

እማማ ማሪዮታ አዋላጅ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የሟች ባላቸውን ጫማ አድርገው የሚሄዱ ሴት። ምጥ የገባበት ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ወንዶቹን ያስወጣሉ፤ ቀጥለው ምጥ ያሥራል ብለው በቤቱ ያለውን ቋጠሮ ሁሉ ያስፈታሉ። የላሟ ገመድ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የልጃገረዶቹ ሹሩባ ሳይቀር ይፈታል። ለድካማቸው ዶሮ ወይም የአጃ ዱቄት ይሰጧቸዋል፤ ከድሃ ቤት ሾርባ ጠጥተው ይወጣሉ። ወንዙ ሲጎድል ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይሻገሩና የእንግሊዞቹንም ያዋልዳሉ። ለምን ሲባሉ «እዚያም ልጅ የሚወጣው በዚያው በር ነው» ብለው ይስቃሉ።

ልጃቸው አሊሰን ማዶ ነው ያገባችው፤ ኩትበርት የሚባል ባለ ወፍጮ እንግሊዛዊ። በድንበሩ ሕግ ያለ ሹም ፈቃድ ከማዶ ሰው ጋር መጋባት አንገት ያስቆርጣል። ሕጉን የሰበካው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሠርጉም የሰበካው ሰው ሁሉ በልቷል።

ያን እሑድ የስካርሃው ባላባት ኩዊንቲን ዋክሎ ከመኳንንቱ ስብሰባ ተመልሶ ከነፈረሰኞቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ጦራቸውን ከመቃብር ድንጋዮቹ ላይ አስደግፈው ሲገቡ ጨለማው ሕንጻ የላብና የቆዳ ሽታ ሞላው። ቅዳሴው ሲያልቅ ኩዊንቲን ከመሠዊያው ፊት ቆመ።

«ወንድሞቼ» አለ፤ «እኔ ከሌሎቹ መኳንንት ጋር ስሜን አኑሬ መጥቻለሁ። ልጅቱ አትሄድም! አሁን እያንዳንዳችሁ ቀኝ እጃችሁን ወንጌሉ ላይ ጭናችሁ ትምላላችሁ። ከዚያ ተሻግረን መልሳችንን እናሳያቸዋለን። ከወፍጮ ቤቱ አንሥቶ እስከ ኮረብታው ያለው ጎጆ ሁሉ ይነዳል።»

«የኩትበርት ወፍጮ?» አለ ጆክ የሚባለው ቀልደኛ ከኋላ። «ታዲያ ለክረምቱ የት ልናስፈጭ ነው?»

«አንተ ጥርስህ ወፍጮ ነው፣ ዝም በል!» አለው ጎረቤቱ። ሰዉ ሳቀ።

ኒንያን አልሳቀም። ግድግዳውን ተጠግቶ ወዳለው የድንጋይ መቀመጫ፣ ወደ እማማ ማሪዮታ ተመለከተ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ የሴት ምጥ ሲጠብቁ እንደሚቀመጡት ተቀምጠዋል። ኩዊንቲን እጁን ወንጌሉ ላይ ሲጭን ተነሡ።

«ኩዊንቲን፣ ልጄ፣ ያቺን እጅ አንሳት።»

«ምን አልሽ እማማ?»

«እሷ ክርስትና አልተነሣችማ! እኔ አይደለሁ እንዴ የያዝኳት? አባትህ ‹ከፍ አድርጊያት፣ ጠብታ እንዳይነካት› እያለ አንጀቴን ሲያደርቀው ነበር። አንዲት ጠብታ አልነካቻትም። ያልተጠመቀች እጅ በወንጌል ብትምል ማን ያምናታል?»

በዚያ ድንበር ወንድ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ቀኝ እጁ አይጠመቅም። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ከውሃው በላይ ትይዛታለች። ከክርስትና ውጭ ስለቀረች፣ ኋላ ብትዘርፍም ብትገድልም ነፍሱ አትጠየቅም ይባላል። ቄሶች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ኒንያንም ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ እንደመጣ ሰሞን ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ እሱም ማየቱን ተወው።

«የሁላችንም እኮ እንዲሁ ናት!» አለ ጆክ። «በግራ ልንምል ነው እንዴ? እኔ በግራዬ ማንኪያ እንኳ አልይዝም!»

«ተቀመጪ እማማ» አለ ኩዊንቲን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ። «ይህን የምትይው ለልጅሽ ብለሽ ነው።»

«ለልጄ ነዋ! ታዲያ ለማን ልበል? እሳት የምትለኩስበት ቤት ውስጥ የልጅ ልጆቼ አሉ። ደግሞ እኔ ሕፃኗ ትሂድ አላልኩም። ጥርስ ያላወጣች ልጅ ለምን ትዳራለች? እምቢ ማለታችሁ ደግ ነው። ግን እምቢ ማለት የሰው ጣራ ማቃጠል ነው?»

የኩዊንቲን አንገት ቀላ። «አባ፣ ውሃ አምጣ» አለው ኒንያንን፤ «አሁኑኑ ክርስትና አንሳትና እንገላገል።» እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ክንዱን ዘረጋ።

ኒንያን ከመጠመቂያው ድንጋይ በጽዋ ቀድቶ መጣ። እማማ ማሪዮታ መንገዱን ለቀቁለት።

«ደግ፣ ያንሣት» አሉ፤ ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ግን ከዛሬ ጀምሮ እጅህ ከነፍስህ ጋር አንድ ናት። የምትለኩሰውን ሁሉ ነፍስህ ትጠየቅበታለች። አባቶቻችሁ ደረቅ የተዉላችሁ እንዳትጠየቁ ብለው ነበር። እንግዲህ ምረጥ። ልትምልባት ነው ወይስ ልታቃጥልባት?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ኒንያን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። በሕይወታቸው ከጦር ፊት ዞር ብለው የማያውቁ ወንዶች፣ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው የገዛ እጃቸውን ተመለከቱ። ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ፤ ሌላ ሰው አምጥቶ የለጠፈባቸው ይመስል። ውጭ ያሉት ፈረሶች እንኳ ልጓማቸውን ማንቃጨል የተዉ መሰለው። ጳጳስ ሲሾም አይቷል፤ ንጉሥ በፊቱ አልፏል። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ሰምቶ አያውቅም።

ዝምታውን የሰበረው ዳንድ የሚባለው ሽማግሌ ፈረሰኛ ነው። «አባ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ነገሩ እንዴት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው አንድ ጥምቀት ነው» አለ ኒንያን። «ውሃው ራስን ከነካ ሰውየው በሙሉ ተጠምቋል። እጅ ለብቻዋ ውጭ አትቀርም።»

የኩዊንቲን ፊት በራ። «ሰማሽ እማማ?»

«ሰማሁ» አሉ።

ዳንድ ግን አልተቀመጠም። «እንዲያ ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እጃችን እስከ ዛሬ የሠራችውስ?»

ዳንድ ቀኝ እጁን ብርድ እንደያዘው ሰው ብብቱ ሥር ሸጎጠ፤ ጉንጩ ላይ እንባ ነበር።

ኩዊንቲን ጽዋውን በእርጋታ ገፋ አድርጎ ወደ ወንጌሉ ተመለሰና እጁን ጫነ።

«ልጅቱን ሊወስድ የሚመጣ ቢኖር ከወንዙ ወዲህ ያገኘኛል፤ እስክሞት» አለ። «እሳት ይዤ ግን አልሻገርም። የኔም ሰው አይሻገርም።» ከዚያ ዘወር ብሎ «ይበቃዎታል እማማ?» አለ።

«ይበቃኛል ልጄ። በል እጅጌህን አውርድ፣ ይበርድሃል።»

ሰዎቹ ሁሉ በዚሁ ቃል ማሉ። ሌሎቹ መኳንንት ይህን ሰምተው ኩዊንቲንን «የአዋላጇ ሎሌ» እያሉ ተሳለቁበት፤ እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። በዚያው ክረምት የጋብቻው ውል ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዞቹ በሰላም ያላገኟትን ሙሽራ በእሳት ሊጠይቁ መጡ። አዝመራው ነደደ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ወደቀ። ኩዊንቲን እንዳለው ከወንዙ ወዲህ ጠበቃቸው፤ ዳንድ እዚያው ወደቀ። የማዶው ወፍጮ ግን መዞሩን አላቆመም። በዚያ የረሃብ ዓመት ኩትበርት ዱቄት እየጫነ፣ የሁለቱንም አገር ሹማምንት እየሸሸ ሲሻገር ሰው ሁሉ እያየ ዝም ይል ነበር።

ቆይቶ እማማ ማሪዮታ ጉልበታቸው ደከመና አሊሰን ዘንድ ሊኖሩ ወሰኑ። ሊሄዱ በተነሡበት ጠዋት ኒንያን በተቃጠለው ጣራ ሥር ከደወል ደዋዩ ጋር ፍርስራሽ ይጠርግ ነበር። ስለ እሳቸው ሲያወሩ ደዋዩ መጥረጊያውን ተደግፎ ሳቀ።

«የባላባታችን እጅ ደረቅ ናት ሲሉ እኮ ጉድ ነው ያልኩት! እሱ ሲወለድ ትንፋሽ አጥሮት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ቄስ እስኪመጣ አይቆይም ብለው እሳቸው ራሳቸው በገንዳ ውስጥ አጠመቁት፤ እስከ ጥፍሩ ነክረው። ገንዳውን የያዘችው እናቴ ነበረች።»

«አባቱስ? ‹ጠብታ እንዳይነካት› ያለው አባቱ?»

«አባቱ? እሱማ ያኔ ከጦሩ ጋር ሩቅ አገር ነበር።»

ኒንያን መጥረጊያውን ጥሎ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ። ሲደርስ የኩትበርት ፈረስ መሀል ውሃ ገብቷል፤ እማማ ማሪዮታ ከአማቻቸው ጀርባ ተፈናጠው ቀበቶውን ጨብጠዋል።

«እማማ!» ብሎ ተጣራ። «እማማ ማሪዮታ! አንዴ! ያቺ እጅ ተጠምቃ ነበር እንዴ?»

ወንዙ ሞልቶ ይጮህ ነበር። ዞር ብለው አዩት። ሊሰናበታቸው የመጣ መስሏቸው ፈገግ አሉና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ምን እንዳሉት አልሰማም። ፈረሱ የማዶውን ዳርቻ ረግጦ ውሃውን አራገፈ፤ ዳገቱን ወጥቶም ከዛፎቹ ጀርባ ገባ።