የጎደለው ሜትር

ይህ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ ከየመንገዱ በሚታፈስበት ጊዜ ነው። ከኮሌጅ ዘመኔ ብዙውን ረስቻለሁ። ይህ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጢም ካበቀልኩ በኋላ። ከዚያ በማታ ትምህርት ተንጠላጥዬ ኮሌጅ ገባሁና የሕንፃ ሥራ ቴክኖሎጂ መማር ጀመርኩ። የክፍሌ ተማሪዎች ልጆቼ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። ጋሼ ይሉኛል፤ ዞር ስል ይስቁብኛል። የሚስቁብኝ ይመስለኝ ነበር ብል ይሻላል።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ሁለት ሁለት እየሆናችሁ የፒያሳን አሮጌ ቤቶች ለክታችሁ ንድፍ አንሡ አለን። እኔ ሂሳብ እንደ ውኃ ከምትጠጣ ሂሩት ከምትባል ልጅ ጋር ተመደብኩ። የደረሰን እሪ በከንቱ ሰፈር ያለ የጭቃ ቤት ነው። ያኔ ሜትር ይዞ ሰው ቤት መግባት ቀላል አልነበረም፤ ሰዉ ቤቴን ሊወርሱኝ ነው ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ቀበሌው ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ አብሮን እንዲሄድ አደረገ።

የቤቱ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ ገና ሲያዩን ፊታቸው አመድ መሰለ። ለቤታቸው የሰጉ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ከውጭ ለካን። ከዚያ ሂሩት ወረቀቷን ይዛ ከጥበቃው ጋር ሳሎን ተቀመጠች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ቁጥሩን እጠራላታለሁ። የመጨረሻውን ግድግዳ በእጄ ስነካው ምርጊቱ ገና እርጥብ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሳሉን ሲያፍን ሰማሁ። ዞር ስል እማማ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ያኔ ገባኝ፤ ልጃቸውን ከአፈሳ ደብቀውታል። ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ቁጥሩን ጠራሁ።

ይኼኔ ሂሩት ከሳሎን፣ «ጋሼ፣ አይገጥምም እኮ። ቤቱ ከውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ጎደለ» አለች።

«ወዴት ሄዶ ይጎድላል?» ብሎ ጥበቃው ተነሣ።

ጓዳ ከገባ አለቀ። ቀድሜው ወጥቼ በሩ ላይ ተገተርኩና፣ «እኔ ነኝ ቁጥሩን አዛብቼ የጠራሁት። ማንበብ የተማርኩት እኮ ትናንት ነው» አልኩ።

ጥበቃው አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። «ጓድ መሐንዲስ፣ እንዲህ ከሆነማ እኔም ልመዝገብ» አለ። ሂሩትም አፏን ይዛ ሳቀች። የሚገጥመውን ቁጥር ነገርኳት፤ ጻፈች፤ ወጣን።

ሳቁ ግን እዚያ አልቀረም። ሂሩት አወራችው፤ ኮሌጁ ሁሉ ሰማው። «ትናንት» የሚል ስም ወጣልኝ። ሜትር በያዝኩ ቁጥር፣ «ትናንት፣ ስንት ይላል?» ይሉኛል። እውነቱን ልናገር ብል ልጁን ወስደው ጦር ግንባር ይከቱታል። እስክመረቅ ዋጥኩት።

መንግሥት ሲለወጥ ቀጥ ብዬ እሪ በከንቱ ሄድኩ። ምስጋና ፈልጌ ነው፤ ምን እዋሻለሁ። በሩን አንድ ቀጭን ጎረምሳ ከፈተልኝ። እማማ ጥሩነሽ ወዲያው አወቁኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያልኩህ ሰው ይኸው» አሉት። «የሚያውቅ ቢመጣ አልቆልህ ነበር። እግዜር ቁጥር የማይችል ሰው ላከልን።»

እሳቸውም አምነውኛል። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ልጁ ወንበር ይዞልኝ ሲመጣ አየሁትና ዘጋሁት።

ልጁ በመትረፉ ደስ ይለኛል፤ ሐሰት የለበትም። ግን እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ደሜ ይፈላል፤ እቤቴም ገብቼ ቁጭ ማለት ያቅተኛል። ይህን የጻፍኩትም ለሌላ አይደለም። ቁጥሩን አሳምሬ አውቀው ነበር።