ከጫካ የመጣው የማኤስትሮ ቅርጫት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ሮም ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ሙሉውን ግን እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተናገርኩ ከልቤ አልወጣም።

አሠሪዬ ስመ ጥር የኦፔራ ሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፤ ሁሉም ማኤስትሮ ይላቸዋል። ሽማግሌው ከሙዚቃቸው ይልቅ ሆዳቸውንና ገጠራቸውን ይወዱ ነበር። እንግዳ ስለ ኦፔራ ሲጠይቃቸው እሳቸው ስለ ወይራ ዘይታቸው ያወራሉ። «ሙዚቃዬን ያማ ይማ፤ ሩዜን ያማ ግን ደጄን አይርገጥ» ይሉ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚኮሩት ጫካ ገብተው የሚበላውን የጅብ ጥላ ከመርዛማው ለይተው በመልቀማቸው ነው።

አንድ ረቡዕ ቅርጫት ሙሉ ይዘው ከገጠር መጡ። መርዛማ ይሆናል ብለው የተጠራጠሩትን ለብቻው ጋዜጣ ላይ አድርገው፣ የሚያውቅ ሰው እስኪያየው እንዳትነኪው አሉኝ። እኔ ግን ጠረጴዛውን ልወልውል ብዬ ጋዜጣውን ለአፍታ ቅርጫቱ ላይ አስቀመጥኩት። ተንሸራተተና ሁሉም ተደባለቀ።

ባደግኩበት አገር የጅብ ጥላ የሚበላ ሰው አላየሁም። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። እንዳልናገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ፔርሜሶ የሚሉት የእኔም የልጄም የመኖሪያ ፈቃድ በእሳቸው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ባሌን ደርግ ካሰረው ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ መመለስ የማይታሰብ ነው። በግምት ለይቼ ጋዜጣው ላይ መለስኩና ጠረጴዛውን ወልውዬ ጨረስኩ።

የቅርጫቱን ማኤስትሮ ራሳቸው በዚያው ቀን ከሩዝና ከቅቤ ጋር ሠሩት። እኔ ጾም ነኝ ብዬ አልቀመስኩም። መብላት ሲጀምሩ፣ ደህና አድርጌ ለይቼዋለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውኃ ላመጣ ወጥ ቤት ገብቼ ስመለስ፣ ከትምህርት ቤት የመጣችው የሰባት ዓመት ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ ከሳህናቸው ትበላለች።

ሹካውን ከእጇ ነጠቅኩ። «ማኤስትሮ፣ አይብሉ! ጋዜጣው ላይ የነበረው ተደባልቆብኛል» አልኳቸው።

ፊታቸው ነጣ፤ ግን አልተቆጡም። በታክሲ ሆስፒታል ሄድን። የሁለቱም ሆድ ታጠበ። ሐኪሙ መርዙ ቶሎ ላይታወቅ ይችላልና እስከ ነገ ይቆዩ አለ። የልጄን እጅ ይዤ ቅዱስ እስጢፋኖስን ስማጸን ዋልኩ። በተኛችበት ትንሽ ስትንቀሳቀስ ግንባሯን እዳብሳለሁ።

ሐኪሙ ማን እንደደባለቀው ጠየቀ። ማኤስትሮ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል» አሉት።

በማግስቱ ሁለቱም በደህና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ማኤስትሮን የገዛ ልጆቻቸው ለብቻቸው ጫካ እንዳይሄዱ ከለከሏቸው። የገጠር ወዳጆቻቸውም አርጅተሃል እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እውነቱን እሳቸውም እኔም አላወጣንም።

ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚያሳፍረኝ ግን፣ ማኤስትሮ ሲበሉ የታሰረው አንደበቴ ልጄ ስትበላ መፈታቱ ነው። እሳቸውም ይህን የተረዱ ይመስለኛል። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አላነሱብኝም።