የየሻረግ ወንጭፍና የትምህርት ቤቱ ዲሽ

የሻረግን የማያውቃት ሰው የቁመቷን ማጠር አይቶ ይንቃት ይሆናል፤ ድምጿን ሲሰማ ግን ይመለሳል። ቦንጋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ እሷ ፊዚክስ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ስለ እሷ ለመጻፍ ብዕር ሳነሳ ገና ካሁኑ ሳቄ እየመጣ ነው፤ ታገሱኝ!

ተወልዳ ያደገችው ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ ማንኪራ ነው። የአባቷ በቆሎ ጫካ ጥግ ስለነበር ጦጣና ዝንጀሮ እሸቱን እንዳይጨርሱት ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። እሷም ትወጣ ነበር። ከእንሰት ቃጫ ወንጭፍ ፈትላ ስትወነጭፍ አጎቷ አይቷት፣ «ወንጭፍ የወንድ ነው፤ አንቺ እዚያው ሆነሽ ጩኺ» አላት።

«ጦጣዋ ወንድ ነሽ ሴት ነሽ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም» አለችው። «ከመታኋት ትሸሻለች።»

ይቺ ናት የሻረግ። ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመለስም ያው ራሷ ነበረች።

እንግዲህ ያን ጊዜ ዘመኑ የፕላዝማ ነው። ላልደረሰበት ልንገረው፤ በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተቀምጦ፣ አንድ መምህር ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣና በእንግሊዝኛ፣ ያውም ሳይተነፍስ ያስተምራል። የክፍሉ መምህር ሥራ መክፈት፣ መዝጋትና ጥግ ይዞ መቆም ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ ቦንጋ ላይ መቼም ይጠፋል፣ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ጉግሳ ትእዛዝ አውጥተው ነበር፦ መብራት እስኪመጣ ተማሪ ከወንበሩ ንቅንቅ እንዳይል።

አንድ ቀን የፕላዝማው መምህር ስለሚወረወሩ ነገሮች ጀምሮ፣ ኳሷን አየር ላይ እንዳለች ትቷት ጠፋ። መብራት ሄደ። የሻረግ ከቦርሳዋ ወንጭፏን አወጣች።

«ተነሱ፤ ወደ ሜዳ!»

እኔ በመስኮት እያየሁ ነው። «ወንጭፍ ማለት የረዘመ ክንድ ነው» ትላለች። «እጃችሁ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው ድንጋይ ሰፊውን ክብ ስለምትዞር አብልጣ ትሮጣለች። የምትዞረው ገመዱ ወደ ውስጥ ስለሚስባት ነው። ስትለቋት የሚስባት ገመድ የለም፤ በዚያች ቅጽበት ወደምትሮጥበት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ መሬት ቀስ እያለች ታወርዳታለች። ስለዚህ ፊት ለፊት ለመምታት ድንጋይዋ በቀኛችሁ ስትሆን ልቀቁ። ፊታችሁ እስክትደርስ ከጠበቃችሁ ወደ ግራ ነው የምትሄደው።»

የገጠር ልጆቹ በጫካ የለመዱት ነውና ይስቃሉ። ገበያው ላይ ሱቅ ያላቸው የጋሽ ተማም ልጅ ፈርሐት ግን ወንጭፍ ነክታ አታውቅም። «ቲቸር፣ እኔ ልሞክር» አለች።

ይሄኔ ጋሽ ጉግሳ ከበረንዳቸው ብቅ አሉ። «የሻረግ! ተቀመጡ ተብሎ የለም እንዴ?»

«መብራት የለም፣ ጋሽ።»

«ይመጣላ!»

«ሲመጣ እንገባለን። እዚያ ጋ ግን አይቁሙ፤ ግራ ነው።»

«የምትወረውሩት ወደ ፊት አይደል? ጎን ለቆመ ሰው ምን አለበት!» አሉና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

ፈርሐት እንደ ከተማ ልጅ አነጣጠረች። አዞረች፣ አዞረችና ድንጋይዋ ልክ ፊቷ ስትደርስ ለቀቀች። ድንጋይዋ በጋሽ ጉግሳ አናት ላይ አልፋ ጣሪያው ላይ ያለውን የፕላዝማ ዲሽ ጓ! አደረገችው። ዲሹ ጎበጠ። ጋሽ ጉግሳም ከድንጋይዋ ሸሽተው መሬት ላይ ለጥ ብለዋል።

የሻረግ ወደ ተማሪዎቿ ዞረች።

«አያችሁ? ዘግይታ ለቀቀች፤ ወደ ግራ ሄደች። ጻፉ!»

በማግስቱ ጋሽ ጉግሳ ቢሮ ጠሯት። ክፋት የለባቸውም፤ ፍርሃት ግን ነበረባቸው። «ልጅቷ ያለ ፈቃዴ ወረወረች በዪ። እሷ ትባረራለች፣ አንቺ ትድኛለሽ። አለዚያ ደካ ነው የምትዛወሪው» አሏት። ደካ ሩቅ ነው፤ ያን ጊዜ ክረምት ከገባ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። እናቷ ማንኪራ ብቻቸውን ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች የምትጠይቃቸው እሷ ናት። ይህን እያወቀች ተነስታ ወጣች።

ግምገማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠራ። የግምገማ ደንቡ የታወቀ ነው፦ ተነስተህ ጥፋትህን በገዛ አፍህ ትዘረዝራለህ፣ ሌላው ይጨምርልሃል፣ «አርማለሁ» ትልና ትቀመጣለህ፤ ታልፋለህ።

የሻረግ ተነሳች። «ግለ ሂሴን ላቅርብ። ጥፋቴ ቤት አጠገብ ማስወንጨፌ ነው፤ ሰፊ ሜዳ መውረድ ነበረብን። ልጅቷ ግን ያዘዝኳትን ነው የሞከረችው። ድንጋይዋም የታዘዘችውን አደረገች።»

ከዞን ትምህርት መምሪያ የመጡ አንድ ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «መብራት ቢጠፋ ይደግሙታል ማለት ነው?»

«መብራቱ ከደገመ እደግመዋለሁ።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሺ፣ እኔ ነኝ።

«አርማለሁ ይበሉና ይቀመጡ፣ እህቴ።»

«ቆሜ ይሻለኛል» አለች።

ስብሰባው እስኪያልቅ ቆመች! ደካ ተመደበች።

መናኸሪያ ስሸኛት ፈርሐት እያለቀሰች መጣች። «ቲቸር፣ በእኔ ምክንያት ነው።»

«በአንቺ ምክንያት አይደለም። አንቺ የዘገየሽው በመልቀቅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይታረማል።» ወንጭፏን በአውቶቡሱ መስኮት አቀበለቻት።

«እርስዎስ፣ ቲቸር?»

«እኔ ሌላ እፈትላለሁ። እንሰት እዚያም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማንኪራ ወጥተሽ እናቴን እይልኝ።»

ዲሹ ተቃንቶ ብዙም ሳይቆይ ቦንጋ መብራት ጠፋ። ተራዬ ደርሶ እኔ ነበርኩ ክፍሉ ውስጥ ጥግ ይዤ የቆምኩት። ማንም ሳያዛት ፈርሐት ተነሳች፤ ክፍሉ ተከተላት፤ እኔም ተከተልኩ። የታችኛው ሰፊ ሜዳ ላይ አዞረች፣ በቀኟ ስትሆን ለቀቀች፣ ድንጋይዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

ጋሽ ጉግሳ «ተመለሱ!» ብለው ከላይ መጮሃቸው አልቀረም። የጮሁት ግን ከበረንዳው ምሰሶ ጀርባ ቆመው ነበር።