ጉራንድ ተራራ ከሸምቤ ጀልባ

ሸምቤ ጀልባዋን ወደ ውኃው ሲገፋ ወገቡ እንቢ አለው። ቆም ብሎ ተነፈሰ። ደክሞት ነበር፤ ድካሙ ግን የትናንት ወይም የዛሬ አይደለም። ዕድሜ ልኩን በጨው ውኃ ሲታሽ የኖረ ሰው ድካም ነው፤ ተኝተው ቢነሱም አይለቅም።

እንግዳዋ ናዚክ ትባላለች። ከካራቺ የመጣች ፎቶ አንሺ ናት፤ እሷም እንደ ሸምቤ የባሉች ሕዝብ ልጅ ነች። የመጣችው ለጉራንድ ተራራ ነው። ጉራንድን ከየብስ ያየ ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ወደሱ የሚወስድ መንገድም የለም፣ ፊቱን የሰጠው ለባሕር ነው። ስለዚህ መንደሩ ተሰብስቦ «ሸምቤ ይወስድሻል» አላት። ሸምቤን የጠየቀው የለም። ደግሞስ እንግዳ እንዴት እንቢ ይባላል?

«ናኮ፣ ላግዝዎት እንጂ» አለችው፣ በአገሩ ወግ አጎቴ ብላ መጥራቷ ነው።

«ተይ ልጄ፣ ሌላ ሰው ከነካት ታኮርፋለች።»

የአጎቱ ልጅ ዶስተን አሸዋው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። «ሸምቤ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«እንግዲያው ወደ ምዕራብ ነው» አለ ዶስተን፣ ከመረቡ ቀና ሳይል።

ናዚክ ሳቀች፤ ሸምቤ አልሳቀም። በዚህ በመክራን ባሕር ዳርቻ እያንዳንዱ ቤት ባሕር ላይ የራሱ የዓሣ ቦታ አለው፤ ቦታውም የሚታወቀው ከተራራው ነው። የሸምቤ ቤት ምልክት እንዲህ ነው፤ በጉራንድ ሁለት ቀንዶች መካከል ባለው ስንጥቅ፣ ከወዲያ ኮረብታ ላይ ያለው የሼኹ መቃብር ነጭ ጉልላት ብቅ ይላል። ያኔውኑ በግራ በኩል፣ ሙሽራዋ የሚሏት ድንጋይ ከተራራው እግር ተላቃ ትታያለች። ሁለቱ ከገጠሙ መልህቅ ይጣላል። ይህን አባት ለልጁ ያሳየዋል፣ ያውም ባሕር ላይ። በየብስ አይነገርም። ሌላ ጀልባ ብቅ ካለም መልህቅን አንስቶ፣ ዓሣ የሌለበት ቦታ ሄዶ መጎለት ነው። ሸምቤ ዶስተንን በዚህ መንገድ ሲያታልል ፀጉሩ ሸበተ።

የሚያሳየው ሰው ግን አጣ። አንድያ ልጁ ጂያንድ ባሕር ተሻግሮ ማስካት ገብቶ ሾፌር ሆኗል። ስልክ ሲደውል «አባዬ፣ ባሕሩ ደህና ነው?» ይላል፣ የጎረቤት ላም ደህንነት እንደሚጠይቅ ሰው። ሸምቤም «ደህና ነው» ይለዋል።

ከዳርቻው ርቀው ሲሄዱ ናዚክ «ከየት በኩል ነው በጣም የሚያምረው?» አለችው። ሸምቤ መሪውን ይዞ አንቀላፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ አደርስሻለሁ» አላት፤ እጁም የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ እንኳ የት እንዳለ ልብ አላለም። እሷ ካሜራዋን አንስታ ስትጨርስ «ይዩት፣ ናኮ» ብላ አሳየችው።

ሸምቤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ የቤቱ ቦታ ናት። ስንጥቁ፣ ጉልላቱ፣ ሙሽራዋ፣ አንድም ሳይጎድል እዚያች የካሜራዋ ትንሽ መስታወት ላይ ተደርድረዋል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ስልክ አለው። ዶስተን ይህን ፎቶ አንድ ጊዜ ካየ አለቀ፤ በማግስቱ መልህቁን እዚህ ይጥላል።

«ይህችን አጥፊያት።»

«ምነው ናኮ? በጭነት መኪና ስንገላታ የመጣሁት ለዚህች ነው።»

«ሌላ ቦታ እወስድሻለሁ። ከወዲያ ማዶ ይበልጥ ያምራል።»

«ሲዋሹ አያምርብዎትም።»

ሸምቤ ውኃውን አየ። ቢናገር ምስጢሩ ወጣ፤ ባይናገር ደግሞ ፎቶው ይናገራል። ቢደክመው ጊዜ ተናገረ። ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን፣ ትናንት ላወቃት ልጅ አንድ በአንድ ነገራት።

ናዚክ ሰምታ ጨረሰች። «አያቴም ምልክት ነበረው» አለች፣ «ይዞት ሞተ።» ከዚያ እያየ ፎቶውን አጠፋችው።

እንግዳ ያለ ዓሣ ከጀልባ አይወርድም። ሸምቤ መንጠቆውን ጣለ። ጠበቁ። ተምር በሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ጠበቁ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

«ናኮ፣ ዓሣው የት ሄደ?»

«የለም» አለ።

ቃሉ ካፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ካወቀው ቆይቷል። ትልልቆቹ መርከቦች መጥተው ባሕሩን ከሥሩ ጠርገውታል። እሱ ግን ሌላ ቦታ የለቃቀማትን ጥቂት ዓሣ ይዞ እየገባ፣ ሚስቱንም ዶስተንንም ከዚህ ያመጣት ያስመስል ነበር።

«ታዲያ ለምንድን ነው ያስጠፉኝ?»

አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ሆድ ባሰው። አባቱ አደራ ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዘመን የዋሸው ለምን ነበር? ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«መልሰሽ አንሺው።»

«ዶስተን ቢያየውስ?»

«ይየው። መጥቶ እንደኔ ይሰልች።»

ማዕበሉ ግን ጀልባዋን ገፍቷት ስንጥቁ ተዘግቷል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ሸምቤ ሞተሩን አጥፍቶ መቅዘፊያ አነሳ። ውኃው ወዲያ ይገፋታል፣ እሱ ወዲህ ይመልሳታል። ትከሻው ነደደ፤ አልለቀቀም። ጉልላቱ ብቅ አለ። ሙሽራዋ ተላቀቀች።

«አሁን እዪ» አላት።

ይህን ቃል አባቱ እዚችው ጀልባ ላይ ብሎት ነበር። ሸምቤም ለጂያንድ አስቀምጦት ኖሯል።